ልጆች ይዛችሁ እንግሊዝ ገጠር ለምትገቡ፣ እዚያ ካደገ ሰው

እንግሊዝ ውስጥ ከከተማ ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ያገኙ ሀበሾች «ልጆቹ ይለምዱታል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ነርሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሚሠሩ። እኔን የሚጠይቁኝ እዚያ ስላደግሁ ነው። ከ1999 እስከ 2005 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሶመርሴት ውስጥ ባለች አንዲት መንደር ኖረናል። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ፖስታ ቤትም ሱቅም የሆነች አንዲት ክፍል፣ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት። ሌላ የለም። እማዬ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። ስንገባ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ አምስት። አጭሩ መልሴ «ልጆቹ ይለምዱታል፣ እናትየዋን ግን እንጃ» ነው። ረጅሙ ይኸውላችሁ።

እማዬ ጎጃም ገጠር ተወልዳ አዲስ አበባ ነርስነት የተማረች ሴት ናት። ሥራው የተገኘው ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ሆስፒታል ነበር። ከተማው ውስጥ ኪራዩ ከበዳት። ከዚያ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ በድንጋይ የተሠራ፣ በሩ ላይ ጽጌረዳ የተጠመጠመበት ቤት በቅናሽ አገኘች። ቤቱን ያየችው በጁላይ ነው። በጁላይ እንግሊዝ ገጠር ገነት ነው፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን አለ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ሰዉ ውጭ። «እኔ ገጠሬ ነኝ፣ ምን ይከብደኛል?» ብላ ፈረመች። ያልጠየቀችው ነገር ብዙ ነበር።

አውቶቡሱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። እሱም ገበያ ለሚወጡ አሮጊቶች ተብሎ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለስ፤ የነርስ ፈረቃ የማያውቅ አውቶቡስ። የቤቱ ማሞቂያ ደግሞ እንደ ከተማ በጋዝ ቧንቧ አይደለም፣ ጓሮ ያለ በርሜል ውስጥ በሚሞላ ነጭ ጋዝ ነው የሚሠራው። ይህን የነገረን ሰው የለም። ጃንዋሪ ላይ አንድ ቀን ቤቱ ቀዘቀዘ። እማዬ ማሞቂያው ተበላሸ ብላ ባለሙያ ጠራች። ሰውየው በርሜሉን በጣቱ አንኳኳና «ባዶ ነው» ብሎ ሄደ። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አያመጡም፣ ያን የሚያህል ገንዘብ ደግሞ በእጃችን አልነበረም። ደመወዝ እስኪደርስ ሦስታችንም ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ ተኛን።

ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት በኖቬምበር ወይም በጃንዋሪ ማታ ሄዳችሁ እዩት። ማሞቂያው በምን ይሠራል፣ በርሜሉ ስንት ቀርቶታል፣ አውቶቡስ በየትኛው ቀን አለ፣ ስልክ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ብላችሁ ጠይቁ። ነዳጁን ጎረቤቶች ተሰባስበው በጅምላ የሚያዙባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው፤ ይረክሳል። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

መንጃ ፈቃድ ደግሞ የሁሉም ቁልፍ ነው። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዙን የጽሑፍም የመንገድም ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፣ የፈተና ቀጠሮ ለማግኘት ደግሞ ወራት ይፈጃል። በገባችሁ ሰሞን ጀምሩት። እማዬ ጭራሹን መንዳት አትችልም ነበር፤ ለፈረቃዋ በብስክሌት ነበር የምትሄደው። ጎጃም ውስጥ በቅሎ ጋልባለች፣ ብስክሌት ግን እንግሊዝ ውስጥ ነው የተማረችው።

ጨለማውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ወጥታ አሥር ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የመንገድ መብራት የለም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ይመሻል። ወንድሜ በሁለተኛው ክረምት እግሬን ያመኛል ማለት ጀመረ፤ እማዬ «እያደገ ነው» አለች፣ ነርስ ሆና። ሐኪሙ ደም አስመርምሮ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው አለን። አሁን የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ሁሉም ሰው በመጸውና በክረምት በቀን 10 ማይክሮግራም እንዲወስድ ይመክራል፣ እንደኛ ቆዳው ጠቆር ያለ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በርካሽ ይሸጣል። ግዙ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የገባን ሰሞን እሑድ እማዬ ቤቱን አጸዳች፣ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ ቡና ቆላች፣ ረከቦቱን ዘረጋችና ተቀመጠች። አዲስ ሰው ሰፈር ሲገባ ጎረቤት ይመጣል ብላ ነው። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው እሑድም ደገመችው። በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ ግን «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ካርድ ገባ። ከዚያም ሌላ። አንድ ቀን ደግሞ በር ላይ ስድስት እንቁላል ተቀምጦ አገኘን፣ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። እማዬ ተናደደች። «እንደ ለማኝ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ? ገብተው ውኃ ቢጠጡ ምን ይሆናሉ?» ከዚያ በኋላ ቡናውን ለራሷ ብቻ ማፍላት ጀመረች፤ ሰዎቹን «ደረቆች» ብላ ዘጋቻቸው።

እነሱ ግን ደረቅ አልነበሩም። እዚያ አገር አዲስ ገቢን ሳይጋበዙ በር ማንኳኳት ጥድፊያ ነው፣ ሰውን መረበሽ ነው። ካርዱ «ስትፈልጉን አለን» ማለት ነው፤ የሚጠበቀው ከእናንተ ነው። በእነሱ ሥርዓት እኛ ነበርን ዝም ያልናቸው። እማዬ ከመጀመሪያዎቹ ካርዶች አንዱን ይዛ ወደ ጎረቤት ሄዳ «አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ኑ» ብትል ኖሮ ያንን ሁሉ ክረምት ብቻዋን ባላሳለፈች። ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ጥሩ። «አንድ ቀን ብቅ በሉ» ካላችሁ አይመጡም።

እኛ ልጆቹ በትምህርት ቤት በኩል ቀድመን ገባን። ተማሪው በጣም ጥቂት ስለነበር ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ ትናንሾቹ በአንዱ፣ ትልልቆቹ በሌላው። ለእኔ ይህ ዕድል ሆነልኝ። እንግሊዝኛዬ ሲወላገድ መምህሯ ከታናናሾቹ ጋር አስቀምጣ ታስነብበኝ ነበር፣ ማንም ደግሞ አልሳቀብኝም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜም የተደባለቀ ክፍል ነው። በመንደሩ ያለነው ጥቁር ልጆች እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን። ፀጉሬን ይነካሉ። ይህስ ይታለፋል። አንድ ትልቅ ልጅ ግን መንገድ ላይ የሚናገረው ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ለእማዬ አልነገርኩም፣ ድካሟን እያየሁ ምን ልጨምርባት? ወንድሜ ግን አፉ አያርፍም፣ ነገራት። እማዬ የመጀመሪያ ሐሳቧ የልጁ እናት ቤት ሄዳ መጮህ ነበር። ደግነቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «በጽሑፍ አድርጊው» አለቻት። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደሰማ ጽፋ ለርዕሰ መምህሯ ሰጠች፤ ነገሩ በዚያው ሳምንት ቆመ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በቃል ብቻ አትናገሩ። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ተማሪን እንዳያጠቃ የሚከላከሉበት የሥነ ምግባር መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ መመሪያውን ስጡኝ ማለት መብታችሁ ነው። ማታ ማታ ልጃችሁን «ዛሬ እንዴት ነበር?» አትበሉት፣ «ደህና» ይላችኋል። «ምሳ ላይ ከማን ጋር ተቀመጥህ?» በሉት።

የመጀመሪያው ኖቬምበር 5 ደግሞ ጉድ ነበር። ማንም አልነገረንም። ማታ ላይ ፍንዳታ ተጀመረ። ያኔ አገራችን ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነች፣ እማዬ ዜና ስትሰማ ነው የምትውለው፤ ወንድሜ አልጋ ስር ገባ። በመስኮት ሳይ ሰዉ ችቦ ይዞ ወደ ሜዳው ይሄዳል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ኮትና ሱሪ የለበሰ ሰው ተሸክመዋል። ሜዳው ላይ ትልቅ እሳት ነበር። ሰውየውን ወረወሩት! ጮህኩኝ። እማዬ ራሷ በስተመጨረሻ «ደመራ ነው እንዴ?» አለች። ለካ በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዳ ሲል የተያዘው የጋይ ፎክስ አሻንጉሊት ኖሯል፤ በየዓመቱ ያቃጥሉታል። በነጋታው ክፍል ውስጥ የደመራን ነገር ስናገር ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። የመጀመሪያ ጓደኛዬን ያገኘሁት በዚያ ወሬ ነው። የዓመቱን በዓላት ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በተለይ ከጦርነት አካባቢ የመጣ ልጅ ካላችሁ ርችቱን ቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። እማዬ የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ልጅ የሚጠብቅ የለም፣ የሚቀጠርበትም ብር የለም። ራት አብልታን፣ አስተኝታን፣ በሩን ቆልፋ ትሄዳለች። እኛ አገር ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ታናሿን ትይዛለች፣ ነውር የለውም። እንግሊዝ ውስጥ ልጅን ብቻውን ስለመተው ሕጉ የዕድሜ ቁጥር አያስቀምጥም፤ ግን ልጁን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ወንጀል ነው። ኤንኤስፒሲሲ የተባለው የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለረጅም ሰዓት ብቻቸውን መቆየት የሚችሉት ከስንት አንዴ ነው ይላል፣ ከ16 በታች ያሉት ደግሞ ሌሊት ብቻቸውን ባያድሩ ይመክራል። እማዬ ይህን ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ «መብራት አታብሩ፣ ስልክ አታንሡ» የምትለን ለዚህ ነው።

አንድ ሌሊት ነፋሱ የመንደሩን መብራት አጠፋው። ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ፣ እኔም ሻማ ለኮስኩ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት የሻማውን ብርሃን ወዲህ ወዲያ ሲል በመስኮት ካዩ በኋላ በዝናቡ ባትሪ ይዘው መጡ። አልከፍትም አልኩ። በደብዳቤው ቀዳዳ በኩል «ሻማውን ከመጋረጃው አርቂው፣ የኔ ልጅ፣ ከዚያ ከፈለግሽ ክፈችልኝ» አሉኝ። ከፈትኩ። እናትሽ የት ናት ብለው አልጠየቁኝም። ሶፋው ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው አደሩ።

እማዬ ጠዋት ገብታ ስታያቸው ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሪፖርት አደረጉኝ፣ ልጆቼ ተወሰዱ ብላ ነው። እሳቸው ጫማቸውን እያደረጉ «ዛሬ ማታም ሥራ ነሽ?» አሏት። «አዎ» አለች። «እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ እዚህም እዚያም ያው ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ሌሊት ስትሠራ እሳቸው እኛ ዘንድ ያድሩ ነበር። ገንዘብ እንቢ አሉ፤ ቡና ግን ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሡም። በስማቸው መጥራት ነውር ነው ተብሎ እኛ «እትዬ» እንላቸው ነበር፣ እሳቸውም ለምደውት አቤት ይሉ ነበር።

እትዬ ያደጉት ባዝ ከተማ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያ፣ ፌርፊልድ ሐውስ በሚባል ቤት ነው። እትዬ ልጅ ሆነው ንጉሡን በመንገድ ሲያልፉ አይተዋቸዋል። «ብቸኛ ይመስሉ ነበር» አሉን። እማዬ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ሳመቻቸው። ቤቱን ንጉሡ በ1958 ለከተማው ሰጥተውታል፤ በዚያ በኩል ካለፋችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

መንደሩን ያስከፈቱልን እሳቸው ናቸው። የበጋው ባዛር ሲደርስ «ለኬክ ጠረጴዛው አንድ ነገር አምጪ» አሏት። እማዬ ድፎ ዳቦ ወሰደች። ትልቁ ክብ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ሰዉ ያየዋል፣ ያልፈዋል። እትዬ መጥተው ቢላ አነሡ፣ በትንንሹ ቆራርጠው፣ ምን ምን እንዳለበት ወረቀት ላይ ጽፈው ዋጋ ለጠፉበት። ያን ጊዜ መሸጥ ጀመረ። ምግብ ስታቀርቡ ምን እንዳለበት ጻፉ፣ በተለይ ስንዴ፣ ወተት፣ ለውዝ፤ ትንሽ ቁረጡት። እኔና ወንድሜ ቶምቦላ ላይ ቲኬት ስንሸጥ ዋልን፣ ከዚያ ቀን በኋላ የመንደሩ ሰው ሁሉ ስማችንን ያውቅ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ። እማዬ «የእኛ አይደለም» ብላ ከልክላን ነበር። ሃይማኖታችሁን ጠብቁ፣ እኔም ጠብቄያለሁ፤ ግን እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የደብሩ ግቢ የሰፈር መሰብሰቢያም ነው። የመከር በዓል፣ የጦርነት ሟቾች መታሰቢያ፣ የአረጋውያን ሻይ፣ የእናቶችና ሕፃናት ጠዋት፣ ብዙው እዚያው ነው። ከሚመጡት ብዙዎቹ ለጸሎት አይደለም የሚመጡት። ለሻይ ሂዱ።

በ2001 ፌብሯሪ ላይ አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ ገባ። በአገሪቱ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ፣ የፓርላማ ምርጫ እንኳ በአንድ ወር ተራዘመ። የእኛ ወረዳ እንደ ጎረቤቱ ዴቨን አልተመታም፣ ግን የእግር መንገዶቹ በሙሉ ተዘጉ፣ በየእርሻው በር ላይ መድኃኒት የተነከረ ጭድ ተነጠፈ። የክፍል ጓደኛዬ አባት ገበሬ ነበሩ፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። እማዬ ከብት ያለቀበት ሰው ምን እንደሚሆን ከአያቷ ሰምታ ነው ያደገችው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስለነበረው ክፉ ቀን። ለዚያ ቤተሰብ ደብዳቤ ጻፈች፣ እርሻው በር ላይ ዳቦ አስቀምጣ መጣች። በር ላይ! የተናደደችበትን ነገር ራሷ አደረገችው። ወራት አልፎ ሰውየው መንገድ ላይ ትራክተሩን አቁመው ወርደው እጇን ጨበጧት። ከዚያ በፊት ከእኛ ጋር አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ልጆች ሜዳ ሲወጡ ማወቅ ያለባቸውን በአጭሩ ልበል። የሕዝብ የእግር መንገድ በገበሬ ማሳ መሃል ያልፋል፣ መብታችሁ ነው፣ ግን ከመንገዱ አትውጡ፤ በር ተዘግቶ ካገኛችሁ ዝጉ። በላምና በጥጃዋ መሃል አትለፉ። የእግረኛ መሄጃ በሌለበት መንገድ በቀኝ በኩል፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ። ልጆች በክር የሚጫወቱበት ቡናማ ፍሬ፣ ኮንከር የሚሉት፣ አይበላም፤ ወንድሜ ነክሶት ሲያስመልሰው አድሯል። ሳማ ደግሞ እዚያም አለ፣ እንደኛው ይለበልባል፤ ቱልት የሚመስለው ቅጠልም አጠገቡ ይበቅላል፣ የእንግሊዝ ልጆችም እሱን ነው የሚያሹበት። እማዬ ይህን ስታይ በጣም ሳቀች።

አማርኛችን ግን ተጎዳ። ወንድሜ ሰባት ዓመት ሲሞላው በእንግሊዝኛ ነበር የሚመልስላት። ያዳነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ እማዬ ፍሪጅ ላይ የፊደል ገበታ ለጥፋ ቤት ውስጥ በአማርኛ ካልጠየቅናት መልስ መስጠት ማቆሟ። ሁለተኛው ለንደን። ከሶመርሴቱ ቶንተን ባቡር ጣቢያ እስከ ለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለበዓላት ሄደን እናስቀድስና እንጀራ በሻንጣ ሞልተን እንመለሳለን። በየሁለቱ መሃል ላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ በእንፋሎት ሲሞቅ ደህና ነው። ርካሹን የባቡር ቲኬት ቀድማችሁ ቁረጡ።

ገጠሩ ያበቃልኝ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሦስት ማይል በላይ ስለሚርቅ አውቶቡሱ ነፃ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ ሁለት ማይል ይበቃል፣ ጠይቁ፣ መብት ነው። ግን አውቶቡሱ ትምህርት እንዳለቀ ይሄዳል። ቲያትር፣ ኳስ፣ የጓደኛ ልደት፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ ድረስ እነዚያን ዓመታት በመስኮት ሳይ ነው ያሳለፍኩት። በ2005 ብሪስቶል ገባን።

እና ልትሄዱ ነው? ልጆቻችሁ ከ11 ዓመት በታች ከሆኑና ከእናንተ አንዳችሁ የምትነዱ ከሆነ ሂዱ፤ ያን የመሰለ ልጅነት ከተማ ውስጥ አይገኝም። ጎረምሶች ካሏችሁ ግን ባቡር ጣቢያ ያለበት ትንሽ ከተማ ፈልጉ። እማዬን ብትጠይቋት ሌላ ነው የምትላችሁ። አሁን ከቤቷ አውቶቡስ ፌርማታው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ወሬዋ ሁሉ እሱ ነው።